«ሲስተም የለም»፦ ከሮቤ እስከ ጎባ

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ ከሞላ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። ግራና ቀኙ የስንዴና የገብስ ማሳ ነው፤ ወደ ጎባ ሲጠጉ የባሌ ተራሮች ከፊት ይቆማሉ። በዚህ መንገድ ከሚመላለሰው ሰው ጥቂት የማይባለው የያዘው እህል ወይም ሸቀጥ አይደለም። ወረቀት ነው። ፌስታል ውስጥ የገባ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ከአንዱ ቢሮ ወጥቶ ሌላው ቢሮ የሚገባ ወረቀት።

ሁለቱ ከተሞች ሥራ የተካፈሉት በአንድ ቀን ዕቅድ አይደለም። ጎባ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የባሌ ዞን መቀመጫ ሮቤ ናት። የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ሮቤ ነው፤ ሪፈራል ሆስፒታሉ ግን ጎባ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በሮቤ ስም ይጠራል፤ በዓለም አቀፉ የበረራ መዝገብ ያለው ባለ ሦስት ፊደል መለያው ግን «ጂ ኦ ቢ» ነው፣ ከጎባ የተወሰደ። መቀመጫው ወደ ሮቤ ሄደ፤ ኮዱ ከጎባ ጋር ቀረ። ሲስተም የሚባል ነገር ጠባዩ እንዲህ ነው። አንድ ጊዜ የያዘውን ስምና ድንበር በቀላሉ አይለቅም።

በዚህ መንገድ ላይ ያደገ አንድ የጎባ ልጅ አለ። ሶፍትዌር ሠሪ ነው፤ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። ለፋሲካ አገሩ ገብቶ በዓሉ ካለፈ በኋላ እናቱን ይዞ ወደ ሮቤ ወጣ። እናቱ ከአንድ ቢሮ የሚያወጡት ማስረጃ ነበር፤ ማስረጃው የሚፈለገው ደግሞ ጎባ ባለ ሌላ ቢሮ ነው። ጠዋት መስኮቱ ጋ ሲደርሱ መልሱ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነበር፦ «ሲስተም የለም።» ከሰዓት በኋላ ሲስተም መጣ። ወረቀቱ ታተመ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታ። በማግስቱ ጎባ ሲያደርሱት፣ የጎባው ሠራተኛ ወረቀቱን አጠገቡ አስቀምጦ ያንኑ ስም፣ ያንኑ ቁጥር፣ ያንኑ ቀን ፊደል በፊደል ወደ ራሱ ኮምፒዩተር ያስገባ ጀመር።

እናትየው ቆመው ተመለከቱ። ሲወጡ ልጃቸውን ጠየቁት።

«ያም ኮምፒዩተር ነው፣ ይሄም ኮምፒዩተር ነው። እርስ በርስ አይነጋገሩም እንዴ?»

«አይነጋገሩም እማዬ።»

«ለምን?»

ልጁ ስለ ኔትወርክና ስለ ዳታቤዝ ሊያስረዳ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። «ቢሮዎቹ ስለማይነጋገሩ» አለ።

«እነሱማ ድሮም አይነጋገሩም ነበር» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

*

እናትየው በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሱትን አንድ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በጽሑፍ አስቀምጦታል። ሰውዬው ሜልቪን ኮንዌይ ይባላል። ጽሑፉን መጀመሪያ የላከው ለሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ነበር፤ መጽሔቱ «ሐሳብህን አላረጋገጥክም» ብሎ መለሰበት። በኋላ ዳታሜሽን የተባለ የኮምፒዩተር መጽሔት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1968 አወጣው። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ አንድ ድርጅት ሲስተም ሲነድፍ፣ የሚወጣው ንድፍ የድርጅቱን የውስጥ ግንኙነት ቅጂ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1975 ፍሬድ ብሩክስ በታወቀው የሶፍትዌር መጽሐፉ «የኮንዌይ ሕግ» ብሎ ጠራውና ስሙ በዚያው ጸና።

ኮንዌይ ያነሳው ምሳሌ ፈገግ ያሰኛል። አንድ ተቋም ስምንት ሰዎች ነበሩት፤ ሁለት ኮምፓይለሮች እንዲሠሩ ታዘዙ፣ አንዱ ለኮቦል ቋንቋ፣ ሌላው ለአልጎል። አምስቱ ሰዎች ለኮቦል፣ ሦስቱ ለአልጎል ተመደቡ። የኮቦሉ ኮምፓይለር ባለ አምስት ደረጃ ሆኖ ወጣ፣ የአልጎሉ ባለ ሦስት ደረጃ። የደረጃውን ቁጥር የወሰነው የቋንቋው ጠባይ ሳይሆን የሰዎቹ ቁጥር ነበር።

ይህ የሚሆነው በቀላል ምክንያት ነው። የሶፍትዌር ሁለት ክፍሎች የሚገናኙት የሠሯቸው ሰዎች በተነጋገሩበት ቦታ ነው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ካሉ ጥያቄው በቡና ሰዓት ያልቃል። በሁለት ክፍል ካሉ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። በሁለት መሥሪያ ቤት ካሉና አለቆቻቸው ካልተስማሙ እያንዳንዱ የሌላውን ሥራ በራሱ ቤት ደግሞ ይሠራል። ያኔ አንድ ሰው በሁለት መዝገብ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ በአንዱ «ሙሐመድ» ሆኖ በሌላው «መሐመድ» ይሆናል። ልዩነቱን ለማስታረቅ ፌስታል ይዞ የሚሄደው ደግሞ ራሱ ባለጉዳዩ ነው።

*

የጎባው ልጅ ይህን ያወቀው በራሱ ቤት ተቃጥሎ ነው። የሚሠራበት የገንዘብ ተቋም ሶፍትዌር ሠሪዎቹን በሙያ ከፍሏቸው ነበር። ደንበኛው የሚያየውን ገጽ የሚሠሩ አንድ ክፍል ናቸው፤ ከጀርባ ያለውን ሥራ የሚሠሩ ሌላ ክፍል፤ ዳታቤዝ የሚጠብቁ ሦስተኛ፤ የሚፈትሹ አራተኛ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አለቃ፣ የራሱ ዕቅድ፣ የራሱ የሳምንት ስብሰባ አለው። በወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል።

አንድ ቀን ከባሌ ጥያቄ መጣ። የተቋሙ ሲስተም ገበሬ ብድር የሚመልስበትን ጊዜ የሚያሰላው በዓመት አንድ ምርት ብቻ እንዳለ አድርጎ ነው። ለብዙው የአገሪቱ ክፍል ያስኬዳል። የባሌ ደጋ ግን ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ሐምሌ ያለው «ገና»፣ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለው «ቦና»። በገና የዘራ ገበሬ ሌላው አገር ገና ሲዘራ እሱ ያጭዳል። ቅርንጫፉ የጠየቀው የመክፈያው ቀን ከሁለቱ ወቅቶች ጋር እንዲገጥም ብቻ ነበር።

ለሚያውቀው ሰው የሁለትና የሦስት ቀን ሥራ ነው። ግን ጥያቄው በአራቱም ክፍሎች ማለፍ ነበረበት። ገጽ የሚሠሩት «ከጀርባ ያሉት ይጨርሱና እንቀጥላለን» አሉ። ከጀርባ ያሉት የዳታቤዙን ክፍል ጠበቁ። የዳታቤዙ ክፍል በሩብ ዓመት ዕቅዱ ውስጥ ስላልነበረ ለሚቀጥለው ያዘው። ፈታሾቹ ሲደርሳቸው ወቅቱን ስለማያውቁ አንድ ምርት ብቻ አድርገው ፈተሹት። ሥራው በአራት ወሩ ሲያልቅ ገናው ታጭዶ ተሸጧል። ማንም አልሰነፈም። ሁሉም የድርሻውን ሠርቷል። የገበሬውን ብድር ከጫፍ እስከ ጫፍ የኔ የሚል ሰው ግን አልነበረም።

በኋላ ተቋሙ አንድ ነገር ሞከረ። ከአራቱም ክፍል አንድ አንድ ሰው፣ ከእርሻ ብድር ክፍል ደግሞ ወቅቱንና ገበሬውን የሚያውቅ አንድ ሰው አውጥቶ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጣቸው። «የእርሻ ብድር የእናንተ ነው፤ ሲበላሽም የእናንተ ነው» ተባሉ። በሶፍትዌሩም ውስጥ የእርሻ ብድር የራሱ ግቢ ተከለለለት፤ ሌላው ቡድን በተስማሙበት በር በኩል ካልሆነ አይገባበትም። ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልቅ ጀመር። የተጨመረ ባለሙያ የለም፣ የተገዛ ማሽን የለም። የተቀየረው ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥና ድንበሩ የት እንደሆነ ነው።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይባላል። በሶፍትዌር ደግሞ ባለቤት የሌለውን አጥር ሁሉም ይነቀንቀዋል።

*

ይህ ለኢትዮጵያ አዲስ ትምህርት አይደለም። አገሪቱ በሚገባ የሠራችው ጊዜ ነበር፤ ያውም በየወረዳው።

በ1994 ዓ.ም. አካባቢ በጀት የማስተዳደር ሥልጣን ወደ ወረዳ ሲወርድ ኦሮሚያ፣ አማራ፣ ትግራይና የያኔው ደቡብ ክልል ቀዳሚዎቹ ነበሩ። ችግሩ ወዲያው ታየ። የወረዳው ትምህርት፣ ጤና፣ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የሒሳብ ሠራተኛ ይኑራቸው ቢባል ያን ያህል ባለሙያ ከየት ይመጣል? ስለዚህ «ፑል» የሚባለው አሠራር ተዘረጋ። በወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ጥቂት የሒሳብ ሠራተኞች ተሰባስበው የሁሉንም መሥሪያ ቤት ሒሳብ ይይዛሉ። መሥሪያ ቤቶቹ በጀታቸውን ያዝዛሉ፤ መዝገቡ ግን አንድ ቦታ ነው።

በዚያው ዘመን የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ሆነው የበጀቱንና የሒሳቡን አሠራር ያሻሽሉ ነበር። የበጀቱ አወጣጥ ተስተካከለ፤ የሒሳብ አያያዙ ደብል ኢንትሪ ወደሚባለው ባለ ሁለት ወገን አመዘጋገብ ተለወጠ፤ ሠራተኛው በብዛት ሠለጠነ። ሶፍትዌሩ የመጣው ይህን ተከትሎ ነው። ዛሬም የወረዳ ፋይናንስ ሠራተኛ የሚያውቀው «አይቤክስ» የተወለደው እንዲህ ነው። ከውጭ ተዘጋጅቶ የተገዛ አልነበረም፤ በአገር ውስጥ ለአገሩ አሠራር ተብሎ የተሠራ ነው። ኔትወርክ ባልደረሰበት ወረዳ ለብቻው መሥራት ይችል ነበር። ምክንያቱም ወረዳው ራሱ በጀቱን ለብቻው የሚያስተዳድር አካል ሆኗል። የሶፍትዌሩ ድንበር የኃላፊነቱን ድንበር ተከተለ።

ጤናውም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። በአንድ ወቅት የኤችአይቪ፣ የቲቢ፣ የወባ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ለጋሽ፣ የራሳቸው ቅጽ፣ የራሳቸው ሪፖርት ነበራቸው። ጤና ጣቢያ ያለችው አንዲት ነርስ አንዱን ሕመምተኛ በየመዝገቡ ትጽፈዋለች። የለጋሾቹ ድንበር የመዝገቡ ድንበር ሆኖ ነበር። ጤና ሚኒስቴር መጀመሪያ ያነሳው ሶፍትዌር አልነበረም፤ «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» የሚል መርህ ነበር። ዲኤችአይኤስ ሁለት የተባለው፣ መነሻው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጤና መረጃ ሶፍትዌር በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው በ2010 ዓ.ም. ገደማ፣ መርሁ ዓመታት ካስቆጠረ በኋላ ነው።

በዚህ ሶፍትዌር ውስጥ መረጃው ሁሉ የሚንጠለጠለው በአንድ ዛፍ ላይ ነው፤ ከላይ አገር፣ ቀጥሎ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ጤና ተቋም። አደረጃጀቱ ራሱ የሲስተሙ አጽም ነው። እናም ምሥራቅ ባሌ ጊኒርን መቀመጫው አድርጎ ከባሌ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን፣ የተለወጠው ማኅተምና ሰሌዳ ብቻ አይደለም። በዛፉ ላይ አዲስ ቅርንጫፍ ይበቅላል፤ ትላንት በባሌ ስር የነበሩ ወረዳዎች ወደዚያ ይዛወራሉ፤ ያለፈውን ዓመት የባሌ ቁጥር ከዘንድሮው ጋር ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው የቱን ባሌ እንደያዘ መጠየቅ አለበት። ዛፉን እንደ ዛፍ የያዘ ሶፍትዌር ይህን በማስተካከያ ያልፈዋል። «ባሌ» የሚለውን ስም በየኮዱ መስመር የተከለ ሶፍትዌር ግን እንደገና መሠራት አለበት።

*

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ሶፍትዌሩ አደረጃጀቱን ይምሰል ከተባለ፣ አደረጃጀቱ በየጊዜው ሲቀያየርስ? የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲን ያየ ጥያቄው የዋዛ አለመሆኑን ያውቃል። ዩኒቨርሲቲዎች በትምህርት ሚኒስቴር ስር ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተቋቁሞ ወደዚያ ሄዱ፤ በ2014 ዓ.ም. ያ ሚኒስቴር ፈርሶ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሱ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የበላይ ተቀየረ። ሮቤ ግቢ ውስጥ ያለው ሥራ ግን አልተቀየረም፤ ተማሪ ይመዘገባል፣ ይማራል፣ ይፈተናል፣ ይመረቃል። ጎባም ሕመምተኛ ካርድ ያወጣል፣ ይታያል፣ መድኃኒት ይታዘዝለታል።

ስለዚህ ድንበር የሚሰመረው በመሥሪያ ቤት ስም ላይ አይደለም፤ በሥራው ላይ ነው። ስሙ ይለወጣል፤ ሥራው ይቆያል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሥራው የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ይታወቃል፤ ከዚያ ያንን ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚይዝ ቡድን ይቆማል፤ በመጨረሻ ሶፍትዌሩ በቡድኑ ልክ ይከለላል። አብዛኛው ጊዜ የሚደረገው የዚህ ግልባጭ ነው። መጀመሪያ ሶፍትዌር በጨረታ ይገዛል፤ ከዚያ ማን እንደሚጠቀምበት ስብሰባ ይጠራል፤ ሥራው ምን እንደሆነ የሚጠየቀው ሲበላሽ ነው።

ኮንዌይም ጽሑፉን የዘጋው በዚህ ነው። የመጀመሪያው ንድፍ ትክክል የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው፤ ስለዚህ ንድፉ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ አደረጃጀት ያስፈልጋል አለ። ግትር አደረጃጀት የመጀመሪያውን ስህተት በሶፍትዌር አስሮ ያስቀምጠዋል።

*

ለዚህ ትምህርት ሲያትል ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የአማዞኑ መሥራች ጄፍ ቤዞስ «ሁለት ፒዛ የማያጠግበው ቡድን ትልቅ ነው» ማለቱ በዓለም የታወቀው እውነት ነው። ግን ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ የሚመጣ ሰው አዳባና ዶዶላ ላይ ተመሳሳይ ሐሳብ በደን ላይ ሲሠራ ማየት ይችል ነበር።

የአዳባ ዶዶላ ደን የመንግሥት ነበር። በመንግሥት ጥበቃ ይጠበቃል ይባላል፤ ደኑ ሰፊ ነው፣ ጥበቃው ጥቂት ነው፤ ደኑ ውስጥ የሚኖረው ሰው ደግሞ በደኑ ላይ መብት የለውም። ስለዚህ ይመነጠራል። በ1992 ዓ.ም. አካባቢ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እገዛ «ዋጂብ» የተባለ አሠራር ተጀመረ፤ በኦሮምኛ የደን ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው። ደኑ በቁራጭ በቁራጭ ተከፈለ። አከፋፈሉ በግምት አልነበረም። አንድ ቤተሰብ ደኑን ሳይጎዳ ሊኖርበት የሚችለው 12 ሄክታር ነው ተብሎ ተሰላ፤ አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ስለዚህ የአንድ ማኅበር ደን 360 ሄክታር ገደማ ሆነ። ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈራረማል፤ የመጠቀም መብቱ የአባላቱ ነው፤ የደኑን ሽፋን የመጠበቅ ግዴታውም የእነሱ ነው።

የሶፍትዌር ሰው ይህን ሲያይ የራሱን ሥራ ያያል። ድንበሩ የተሰመረው ሠላሳ ቤተሰብ በእግሩ ዞሮ ሊጠብቀው በሚችለው ልክ ነው። ሰው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሰፊ የሆነ ሲስተም፣ እንደ ድሮው የመንግሥት ደን፣ የሁሉም ሆኖ የማንም አይሆንም።

ግን ሁሉም ነገር በአጥር አይያዝም፤ ይህንንም ያስተማረው ባሌ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከዓለም ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላዩን ይዟል። ቀበሮዎቹ ያሉት ሳነቴና አካባቢው ነው። የሚገድላቸው አንዱ ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በሽታው የሚመጣው ከእረኛውና ከገበሬው ውሻ ነው። ውሻው የባለቤቱ ነው፣ ክትባቱ የእንስሳት ጤና ጉዳይ ነው፣ ቀበሮው የፓርኩ ነው። እያንዳንዱ በየድንበሩ ቢቀመጥ ቀበሮው ያልቃል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ያደረገው ቡድኑን በበሽታው መንገድ ላይ ማሰለፍ ነው። ቀበሮውን የሚከታተለው ቡድን ወደየመንደሩ ወርዶ ውሻም ያስከትባል። አጥሩ የተሠራው በካርታው ላይ ሳይሆን ችግሩ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው።

ይህንን ሐሳብ ይዞ ወደ ሌላው ጫፍ የሚሮጥም አለ። አምስት ሶፍትዌር ሠሪ ያለው ቢሮ ከትልልቆቹ የውጭ ኩባንያዎች ተምሬያለሁ ብሎ ሲስተሙን «ማይክሮሰርቪስ» በሚባለው ዘዴ ሃያ ቦታ ይቆራርጠዋል። ሃያው ቁራጭ ሃያ ባለቤት ይፈልጋል፤ ያሉት አምስት ናቸው። አንዱ ሥራ ሲለቅ አራቱ ቁራጮች ወላጅ አልባ ይሆናሉ። ለእንዲህ ያለ ቢሮ የሚበጀው አንድ ቤት ሠርቶ በውስጡ ጥሩ ክፍሎች መክፈል ነው። ቤተሰቡ ሲበዛ ሌላ ቤት ይሠራል።

*

ይህ ሁሉ ዛሬ የሚነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። አገሪቱ አገልግሎቷን ወደ ዲጂታል ለመውሰድ በሩጫ ላይ ናት። ፋይዳ መታወቂያ በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ጸንቷል። መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፍቷል። ሐሳቡ ሰናይ ነው፤ ባለጉዳይ በየቢሮው ከሚንከራተት ቢሮዎቹ አንድ አዳራሽ ይምጡለት ነው። ግን አንድ አዳራሽ አንድ ሲስተም አይደለም። አሥር መስኮት ጎን ለጎን ቢደረደርና ከእያንዳንዱ መስኮት ጀርባ ያለው መዝገብ፣ አለቃና የጥገና ውል የየራሱ ከሆነ፣ የተወገደው የ14 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው እንጂ ወረቀቱ አይደለም። ባለጉዳዩ ወረቀቱን ከሦስተኛው መስኮት ወደ ሰባተኛው ይሸከማል፤ መንገዱ አጥሮለት።

እንዲህ ያለ ሥራ ወደየዞኑ ሲወርድ፣ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት የዞንና የከተማ ምክር ቤቶች ሦስት ነገር ቢጠይቁ ብዙ ገንዘብ ይተርፋል። አንደኛ፣ ይህ ጉዳይ ከባለጉዳዩ ማመልከቻ እስከ መጨረሻው መልስ ድረስ የማን ነው? መልሱ የአራት ቢሮ ስም ከሆነ ሶፍትዌሩም አራት ይሆናል። ሁለተኛ፣ የአንድ ሰው ስም፣ የአንድ መሬት ልኬት የሚጻፈውና የሚታረመው የት ብቻ ነው? ሌሎቹ አይተው ይጠቀሙ እንጂ ቀድተው አይያዙ። ሦስተኛ፣ ለጋሹ ከሄደ፣ ውሉ ካለቀ፣ ዞኑ ከተከፈለ በኋላ ሲስተሙን የሚያውቅ የአገር ልጅ ማን አለ፣ የሚቀመጠውስ ከማን ጋር ነው?

እነዚህ የኮምፒዩተር ጥያቄዎች አይደሉም። ለዚህም ነው ብዙ ጊዜ የማይጠየቁት። ሶፍትዌር መግዛት ቀላል ነው፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ሁለት የሥራ ኃላፊዎችን አስቀምጦ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ መዝገብ የአንተ ነው፣ አንተ ደግሞ ከእሱ ታያለህ» ማለት ግን ከባድ ነው። መዝገብ ማለት ሥልጣን ነውና። «ሲስተም የለም» የሚባለው አንዳንዴ መብራት ወይም ኔትወርክ ስለጠፋ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ቃሉ እንዳለ እውነት ነው። ማሽኑ አለ፣ ሠራተኛው አለ፣ ሥራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያያይዘው ነገር የለም።

የጎባው ልጅ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ሲል እናቱ ሌላ ፌስታል ይዘው መጡ። ማስረጃው ላይ የአያታቸው ስም አንድ ፊደል ተሳስቷል፤ ጎባ ያለው ሠራተኛ «እኛ ጋ አይታረምም፣ ከሮቤ አስተካክለሽ አምጪ» ብሏቸዋል። ልጁ ሻንጣውን አስቀምጦ ሚኒባስ ፍለጋ ወጣ።